የቡሬ ግራ ጆሮ

ነገሌ ቦረና
ሐምሌ 16 ቀን 1959 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ሮማነወርቅ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ከሻሸመኔ የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር የምሠራበት ካምፕ ድረስ ይዞልኝ መጣ። አንዴ ቆሜ፣ አንዴ ተቀምጬ አነበብኩት።

«ቡሬ እንዴት ነው? ይበላል? እሁድ እሁድ ያወጡታል? የመኪና ድምፅ ሲሰማ አሁንም ወደ በር ይሮጣል?» ብለሻል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «እርስዎስ አባባ?» ብለሻል። ቅር አላለኝም። ጥያቄ በተጠየቀበት ተራ ነው የሚመለሰው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ቡሬ እጽፋለሁ፣ ስለ እኔ ቦታ ከተረፈ።

ሰኔን ሙሉ ለምን ዝም እንዳልኩሽም ጠይቀሻል። ምክንያቱ ያው ውሻሽ ቡሬ ነው። ልናጣው ነበር። አውቅሻለሁ፣ ይህን ስታነቢ ወደ መጨረሻው ገጽ ዘለሽ አለ ወይስ የለም ልትዪ ነው። አትዝለዪ። እኔ በየተራው ነው ያለፍኩበት፤ አንቺም በየተራው አንብቢው።

እናንተ ጋ አሁን ክረምቱ ገብቷል። ጃንጥላሽን አትርሺ፤ እርጥብ ካልሲ አድርገሽ አትዋዪ። እኛ ጋ ግን ትልቁ ዝናብ ግንቦት ላይ አለቀ። ዘንድሮ ደህና ዘንቦ ስለነበር ሳሩ ከወገብ በላይ ደርሶ ነበር። የሊበን ሜዳ ከብት ጠገበ፣ ወተት ረከሰ፣ ሰው ሁሉ ደስ አለው። ሰኔ ሲገባ ነፋሱ መጣና ሳሩን አደረቀው። የደረቀ ሳር ደግሞ ፍሬውን ይለቃል። ያን ፍሬ ታውቂዋለሽ። ልጅ ሆነሽ ቀሚስሽ ላይ ተሰክቶ ትገቢና እናትሽ እየተቆጣች ትለቅምልሽ ነበር። ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ነው፤ ከኋላው እንደ ገብስ ጺም ያለ ጭራ አለው። በጣትሽ ወደ ፊት ብትገፊው ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ብትስቢው ይይዛል። አንዴ ከገባ መሄድ እንጂ መመለስ አያውቅም።

እሁድ እሁድ አወጣዋለሁ ወይ ላልሽው፣ አወጣዋለሁ። አንቺ መስከረም ላይ ለትምህርት ከሄድሽ ወዲህ አንድም እሁድ አልቀረሁም። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ልብሴን እቀይራለሁ፣ ዱላዬን እይዛለሁ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል አድርገን አንቺ ትቀመጪበት የነበረው ግራር ድረስ እንሄዳለን። ሰው ይስቅብናል። ውሻ ከብት ይጠብቃል፣ በር ይጠብቃል፤ ውሻ ይዞ መንሸራሸር ግን እዚህ አገር ታይቶ አይታወቅም። ጥሩነሽ ሻይ ቤቷ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ጋሼ ሸዋንግዛው፣ እርስዎ ነዎት ውሻውን የሚያንሸራሽሩት ወይስ እሱ ነው እርስዎን?»

«እሱ ነው» እላታለሁ።

«ኧረ ፈረንጅ ሆኑብን! ቆይ ደግሞ ኮፍያ ይገዙለታል።»

እኔ ግን ቀልዴን አይደለም። የሚያወጣኝ እሱ ነው። እሱ ባይኖር እሁድን ከግድግዳው ጋር ተፋጥጬ ነበር የምውለው። ግራሩ ጋ ስንደርስ እሱ ይቀመጣል፣ እኔም እቀመጣለሁ። ሁለታችንም ወደ መኪናው መንገድ ነው የምናየው።

ሰኔ ላይ አንድ እሁድ ግራሩ ጋ ሳንደርስ ከሳሩ ውስጥ ጅግራ ተነሳች። ቡሬ ደግሞ ጅግራ ሲያይ ጠባዩን ታውቂያለሽ። ገመዱን ከእጄ መንጭቆ ገባ። ሳሩ ዋጠው፤ ጭራው ብቻ ነበር የሚታየኝ፣ በኋላ እሱም ጠፋ። ስጠራው ቆይቶ ተመለሰ። እያስነጠሰ፣ ራሱን እያራገፈ፣ ሰውነቱ በሙሉ የሳር ፍሬ ሆኖ መጣ። የእኔም ካልሲ እንዲሁ ሆኖ ነበር።

ቤት ስንገባ ካልሲዬን አንድ ባንድ ለቀምኩ። የእሱን ግን ጀርባውንና ጭራውን በእጄ አራግፌ ተውኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ ዕቃ ቤት ውስጥ ብሎን ስቆጥር የኖርኩ ሰው፣ አንዲት ብሎን ጎደለች ተብሎ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው፣ የውሻውን ጆሮ ገልጬ አላየሁም።

ማክሰኞ ራሱን ማራገፍ ጀመረ። እኔም መዥገር ነው አልኩ። ምን ልበል ሌላ? እዚህ አገር ከብቱም፣ ፍየሉም፣ ግመሉም የሚታመመው በመዥገር ነው። ለመዥገር ደግሞ እኛ ካምፕ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት። ሹፌሩም፣ መካኒኩም፣ ዘበኛውም በላባ ነክሮ ይቀባል። መዥገሯ ትንፋሽ አጥሯት ትወድቃለች። እኔም በትንሽ ጣሳ ይዤ መጣሁና ግራ ጆሮው ውስጥ ጠብ አደረግኩለት።

ሮማን፣ የጮኸውን ጩኸት አልጽፍልሽም።

ከዚያ በኋላ ውሻው ሌላ ውሻ ሆነ። ይዞራል። አንገቱን አጣሞ ግቢውን ይዞራል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። ለሃጩ ይንጠባጠባል። ሥጋ ብሰጠው አሽትቶ ይተወዋል። አጥሩ ሥር ገብቶ ያቃስታል። በዚያው ሳምንት ደግሞ ታች ሰፈር እብድ ውሻ ገብቶ አንድ እንጨት ሻጭ ነክሶ ነበርና ሰውየው ለመርፌ በመኪና ወደ ላይ አገር ተልኳል። ከተማው በሙሉ ፈርቷል። እብድ ውሻ ያየ ለዘበኛ ይንገር፣ ውሻው ይገደላል ተብሎ ተለፍፏል። እኔም ሰምቻለሁ። ሰምቼ የእኛን በር ቆልፌያለሁ።

ሐሙስ ቀን ጥሩነሽ ዳቦ ልታቀብለኝ በሩን ገፍታ ገባች። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ዳቦ የምታመጣልኝ እሷ ናት፤ አፏን አትዪ፣ ልቧ ጥሩ ነው። ቡሬ ያውቃታል፤ እየተንገዳገደ ሊቀበላት ሄደ። ጎንበስ ስትል የነጠላዋ ጫፍ ግራ ጆሮውን ነካው። ዞሮ ነጠላውን በጥርሱ ያዘ። እሷን አልነካትም፤ ነጠላውን ብቻ። ግን ለሃጩን አየች።

«አበደ! ኧረ ጎረቤት! የሮማን ውሻ አበደ!»

ዳቦው መሬት ላይ ቀረ። ትንሽ ሳይቆይ አጥሩ ላይ የሰው ጭንቅላት ተደረደረ። ሁሉም ይመክረኛል። አንዱ በድንጋይ ይላል፣ አንዱ በገመድ ይላል፣ አንዱ «ውሻ እኮ ነው ጋሼ፣ ሌላ ያመጣሉ» ይላል። ማን እንደሆነ ነገ ስትመጪ እንዳትቀየሚው ስሙን አልጽፍም።

ዘበኛው ጃልዴሳ ጠመንጃውን ይዞ መጣ። ታውቂዋለሽ፣ ጨዋ ሰው ነው።

«አካም ጋሼ፣ ናጋ?»

«ምን ሰላም አለ ጃልዴሳ!»

«ሳሬን ማራቴ ይላሉ።» ውሻው አበደ ይላሉ ማለቱ ነው። በአጥሩ በኩል አየውና ራሱን ነቀነቀ። «እኔም አላማረኝም።»

«እስከ ነገ ጠብቀኝ።»

 ሰዎቹ አፍ አፉን ያዩታል። «ዛፉ ላይ ይሰሩት። ነገ ረፋድ ላይ እመጣለሁ፣ ውሃ አምጥተን ፊቱ እናስቀምጣለን። ከጠጣ የእርስዎ ነው፤ ካልጠጣ የእኔ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። የተነከሰው ሰውዬ የዘመዴ ልጅ ነው።»

ምን እላለሁ? እብድ ውሻ ውሃ ይፈራል፤ ይሄን ሕፃኑም ያውቃል። ጃልዴሳ እንደሄደ ጣሳ ሙሉ ውሃ ወሰድኩለት። ሊጠጣ ፈለገ። አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ አፉ ውሃው ጋ ሊደርስ ሲል እንደተመታ ሁሉ እየጮኸ ወደ ኋላ ሸሸ። ሁለተኛም እንዲሁ። ሦስተኛውን አልሞከርኩም። ፈራሁ። እዚያው ጣሳው አጠገብ ተቀመጥኩ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ አባትሽ ነኝና አትሳቂብኝ። እዚያ ተቀምጬ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ቡሬ አልነበረም። ስለ ደብዳቤ ነበር። ቡሬ ከሞተ ሮማን በደብዳቤዋ ምን ትጠይቀኛለች? ይበላል ወይ፣ ይሮጣል ወይ የምትይው በሙሉ ሊቀር ነው። «እርስዎስ አባባ?» ብቻ ሊቀር ነው። አንድ መስመር። እሷም መስመር ሥራ ሲበዛብሽ በሰው አፍ የምትላክ ሰላምታ ትሆናለች፣ ከዚያ ትቀራለች። በክፋት አይደለም፤ እኔም አባቴን ጎንደር ትቼው ስመጣ እንዲሁ ነበር የሆነው። እንደ እኔ ያለ ሰው ደግሞ ምን ወሬ አለው? ስንት መፍቻ ገባ፣ ስንት ጎማ ወጣ። የምጽፍልሽ ነገር የሚሰጠኝ ቡሬ ነበር።

ከዚያ ልማዴን ታውቂያለሽ፣ ስጨነቅ ነገር በጣቴ እቆጥራለሁ። ቡሬን እያየሁ መቁጠር ጀመርኩ። እብድ ውሻ ጌታውን አያውቅም ይላሉ፤ ይሄ ስጠራው ጭራውን ይመታል። እብድ ውሻ ያገኘውን ይነክሳል፤ ይሄ የያዘው ነጠላ ነው፣ ያውም ሲነኩት። እብድ ውሻ ውሃ ሲያይ ይሸሻል፤ ይሄ ወደ ውሃው ሄዶ የሸሸው አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ ነው። ይዞራል፣ እውነት ነው፣ ግን ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የሚዞረው። አንገቱን የሚያዘነብለው ወደ ግራ። በኋላ እግሩ የሚያከው ግራውን። እዚህ ላይ ጣቴ ቆመ። እብደት ጎን ይመርጣል እንዴ? መዥገርም እንዲህ አያደርግም። ካልሲዬ ትዝ አለኝ፤ ከካልሲዬ ውስጥ የመጨረሻዋን ፍሬ ሳወጣ ጫፏ ቁርጭምጭሚቴን ወግታኝ ነበር።

ጠዋት ሲነጋ ሦስት ነገር አዘጋጀሁ። አንደኛ፣ የእናትሽ ወረንጦ፤ ያ ከእግርሽ እሾኽ ታወጣበት የነበረው። ከሣጥኑ ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ሁለተኛ፣ አንድ የተሰነጠቀ የመኪና ስፖኪዮ፤ የፀሐይ ብርሃን ወደ ጆሮው ውስጥ ለመወርወር። ሦስተኛ፣ አፉን የማስርበት ጨርቅ። አራተኛውን ግን አጣሁ። አራተኛው ሰው ነው። ወረንጦ የያዘ እጅ ውሻ አይይዝም።

መካኒኩን ለመንኩት። «ጋሼ፣ አምስት ልጅ አለኝ» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ሌላም ሰው ጠየቅሁ፤ ሥራ አለኝ አለ። ሰዓቱ ሄደ። በመጨረሻ ከመንገድ ማዶ ሱቁን ወደሚከፍተው ዓብዱልመጂድ ሄድኩ። ቡሬ በመንገድ ሲያልፍ ሽርጡን ሰብስቦ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን መጂድን ነው የምልሽ። አንቺ እየሳቅሽ «አባ መሊካ፣ ሰላም ሊልዎት ነው እኮ» ስትዪው «ሰላምታውን ከሩቅ ይላክልኝ» ይልሽ አልነበረም? እምነቱ ነው፤ የውሻ ለሃጭ የነካው ሰው ሰባት ጊዜ መታጠብ አለበት፣ አንዱን በአፈር።

«መጂድ፣ ሰው አጣሁ» አልኩት።

«ለምኑ?»

«ቡሬን የሚይዝልኝ። እብድ አይደለም። ጆሮው ውስጥ የሳር ፍሬ አለ።»

«አይተኸዋል?»

«አላየሁትም።»

«ያላየኸውን ነው አለ የምትለኝ?»

«አዎ።»

የያዘውን ሚዛን አስቀመጠ። «ሸዋንግዛው፣ ስንት ዓመት ሙሉ ጎረቤት ሆነን ስንኖር አንድ ቀን ውሻ ስነካ አይተኸኛል?»

«አላየሁህም።»

«ታዲያ ምን ብለህ እኔ ጋ መጣህ?»

«ያላንኳኳሁት በር ያንተ ብቻ ነው የቀረው።»

 ያኔ ሚስቱ ሸምሳ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ለማንም እንዳልተናገረች ሆና፣ «ሞያሌ ላለችው እናቴ ደብዳቤ ማን ነበር የሚጽፍልኝ?» አለች።

«ሴትዮ፣ እኔ ጽፌልሽ አላውቅም?»

«አንተማ የስኳር ዋጋ ነው የምትጽፍላት። ሮማን ነበረች የልቤን የምትጽፍልኝ። እናቴ ደብዳቤዋን ትራሷ ሥር ነው የምታስቀምጠው።»

መጂድ ኮፊያውን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከ፣ መልሶ አደረገ። «በይ ማንቆርቆሪያዎቹን ሙዪ። ሁለቱንም። ሸዋንግዛው፣ ከነከሰኝ ሱቁን የምትጠብቀው አንተ ነህ። በዱቤ አትስጥ።»

ግቢው ውስጥ እንዲህ ሆንን። መጂድ መሬት ተቀምጦ ቡሬን በጆንያ ጠቅልሎ በጉልበቱ መሃል ያዘው። እኔ አፉን አሰርኩ። ሸምሳ ራቅ ብላ ቆማ ስፖኪዮውን ያዘች። «አባ ሮማን፣ ወዴት?» ትለኛለች፤ «ወደ ግራ፣ ትንሽ ዝቅ» እላታለሁ። ብርሃኑ መጀመሪያ የመጂድ ፊት ላይ ወጣ፣ ከዚያ አጥሩ ላይ ያሉት ሰዎች ላይ፣ ከዚያ ጆሮው ውስጥ ገባ። ጥቁር ዘይት፣ መግልና ደም ነበር። ፍሬ የሚባል ነገር አይታይም። በጨርቅ ጠረግኩ። አሁንም የለም። 

«ከሌለስ?» አለ መጂድ በቀስታ።

 ጆሮውን ወደ ላይ ሳብ አደረግኩ። ቡሬ በሙሉ ጉልበቱ ተንፈራገጠ፣ ጆንያው ተንሸራቶ ወደቀ። አሁን ይለቀዋል ብዬ ነበር። መጂድ ግን አለቀቀውም። ያ ሽርጡን ሰብስቦ የሚያልፍ ሰው በባዶ እጁ አንገቱን አቅፎ ደረቱ ላይ ያዘው። ለሃጩ በክንዱ ላይ ወረደ። «ያ ረቢ» ሲል ሰማሁት። «ቶሎ በል ሰውዬ፣ ዋጋዬ እየጨመረ ነው!»

ያኔ አንድ ቀጭን ነገር አየሁ። ከዘይቱ ውስጥ እንደ ፀጉር ብቅ ያለች። የጭራዋ ጫፍ ነበረች። በእናትሽ ወረንጦ ያዝኳት። ብነጥቃት ትበጠሳለች፣ ጫፏ ውስጥ ይቀራል። እናትሽ ከእግርሽ እሾኽ ስታወጣ «አትቸኩል፣ እሾኽ የሚሰማው ቀስ ያለ እጅ ነው» ትለኝ ነበር፤ እኔ ስላየሁት መቆም አልችልም ነበርና ወደ ውጪ እወጣ ነበር። አሁን የምወጣበት አልነበረም። ቀስ ብዬ ሳብኩ፣ ያዘች፣ ጠበቅሁ፣ ሳብኩ። ወጣች። ከነጭራዋ የጣቴን ግማሽ ታክላለች። ሥጋና ደም ይዛ ነበር።

ቡሬ አንዴ ጮኸና ዝም አለ። 

አፉን ፈታሁለት። ልክ በዚያ ሰዓት ጃልዴሳ በሩን ከፍቶ ገባ፣ ጠመንጃው በእጁ ነው። ከኋላው ጥሩነሽ፣ ከጥሩነሽ ኋላ ሰፈሩ። ፍሬዋን በመዳፌ አድርጌ አሳየሁት። አየና «ጋሼ፣ ይሄን አየሁ። ውሃውንስ?» አለኝ።

ጣሳውን አቀረብኩ። ቡሬ አላየውም። ደክሞት ቆሟል፣ ደሙ ጠብ ይላል። «ቡሬ፣ ጠጣ» አልኩት። አልጠጣም። «ቡሬ፣ ለሮማን ብለህ» አልኩት፤ ሰው እየሰማኝ። ጃልዴሳ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ።

መጂድ ግን ስለዚህ ሁሉ ግድ የለውም፤ እሱ የሚጠብቀው የራሱ ጉዳይ አለው። ከዛፉ ትንሽ ርቆ ቁጢጥ ብሎ ሸምሳ ከማንቆርቆሪያው እያፈሰሰችለት ክንዱን ይታጠባል፣ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። አንዱን በአፈር አሸ። ሁለት አለ። ሦስት አለ። ውሃው ከእጁ እየወረደ በአፈሩ ላይ መንገድ አበጅቶ ወደ ዛፉ አቅጣጫ መጣና መሃል ላይ ተጠራቀመ። ቡሬ ጆሮውን አነሳ፤ ቀኙን። ገመዱ እስከሚበቃው ሄደ። አንገቱን ዝቅ አደረገ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ጩኸቱን ስጠብቅ።

የሰማሁት የምላሱን ድምፅ ነው። የመጂድን እጣቢ ከነአፈሩ ይጠጣል።

«ቢሻን ዱጌ!» አለ ጃልዴሳ፣ ውሃ ጠጣ እያለ፤ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንጠለጠለ። «ጋሼ፣ ውሻዎ ነው።»

«ጠጣ! በእመቤቴ ጠጣ!» ጥሩነሽ እልል አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እኔማ ድሮም አበደ አላልኩም፣ እናንተ ናችሁ» ትላለች።

ቡሬ ጠጥቶ ሲያበቃ ቀና አለና አጠገቡ ቁጢጥ ያለውን የመጂድን ክንድ በእርጥብ አፍንጫው ገፋው፤ ያው ለማመስገን።

«አራት ደርሼ ነበር!» ብሎ ጮኸ መጂድ። «ሸምሳ፣ እንደገና ከአንድ! ይሄ ውሻ ውሃዬን ጨርሶ ሊገድለኝ ነው!» እንደዚያ የሳቅኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ ግን ፊቴን ወደ ዛፉ አዞርኩ፤ ሳቄ ተበላሽቶብኝ ነበር።

ያ እንግዲህ አለፈ። ጆሮውን ለብ ባለ ውሃ ትንሽ ጨው አድርጌ ጠዋትና ማታ አጠብኩለት። ነርስ ልትሆኚ ነውና ተሳስቼ ከሆነ ጻፊልኝ። ቁስሉ ድኗል፣ ይበላል፣ ከበፊቱ ወፍሯል። እሁድ እሁድ አሁንም እንወጣለን፤ ሳሩ እስኪያልቅ ግን በመኪናው መንገድ ብቻ፣ በአጭር ገመድ። ስንመለስ ራሴን አላምንም፤ ሁለቱን ጆሮ ገልጬ አያለሁ፣ በእግሩ ጣቶች መሃል በአውራ ጣቴ እዳስሳለሁ፣ ብብቱን፣ የዓይኑን ጥግ፣ አፍንጫውን። ጣቶቹ መሃል ከአንዴም ሁለቴ አግኝቻለሁ፤ ቆዳ ሳትበሳ በፊት ስትያዝ በጣት ትወጣለች። እሱም ለምዶታል፣ ራሱ እግሩን ይሰጠኛል። ጥሩነሽ አየችንና «ደግሞ ጥፍሩን ይቁረጡለት!» አለችኝ። አንቺም እዚያ ውሻ ያላት ጓደኛ ካለችሽ ንገሪያት፤ ወላጆቿ ቆላ ካሉ በተለይ። መዥገር ነው ብለው ዘይት እንዳያፈሱበት።

«የመኪና ድምፅ ሲሰማ አሁንም ወደ በር ይሮጣል?» ላልሽው ግን፣ ይኸውልሽ። ይሮጣል። ግን ይዘገያል። ግራ ጆሮው አይሰማም። መካኒኩ በግራው በኩል ጣሳ ደብድቦ አሳየኝ፤ ዞሮም አላየ። ከሻሸመኔ የሚመጣው መኪና የሚመጣው በግራ በኩል ስለሆነ፣ በራችን ካለፈ በኋላ ነው የሚነሳው። አቧራውን ደርሶ ያየውና ተመልሶ ይተኛል። እኔ አሁን መኪና ስሰማ ቀድሜ እነግረዋለሁ። በደህናው ጆሮው በኩል ጎንበስ ብዬ «መኪና» እለዋለሁ፣ አብረን እንወጣለን።

ሦስተኛው ገጽ ላይ የጻፍሽውንም አንብቤዋለሁ። ክረምቱን ሆስፒታል ውስጥ ለልምምድ ስለምትቆዪ ዘንድሮ አትመጪም። ትምህርት ነው፣ ትምህርት ይቀድማል። አልጋሽን አውጥቼ ፀሐይ አስመትቼው ነበር፤ ግድ የለም፣ መልሼ አስገብቼዋለሁ። ለቡሬ አልነገርኩትም።

«እርስዎስ አባባ?» ለሚለው ቦታ ተርፏል፣ ግን ምን እንደምጽፍበት አላውቅም። ደህና ነኝ። ማታ ማታ ቤቱ ይሰፋብኛል። ከአንቺ ደብዳቤ ላይ «ይበላል? ይሮጣል?» የሚለውን ለቡሬ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ ለእኔ እንደተጠየቀ አድርጌ እመልሳለሁ። እበላለሁ። አልሮጥም።

ለሸምሳ አንዲት ደብዳቤ ጻፊላት። ልጇ መሊካ ታነብላታለች፤ ፊደሉን ጨርሳለች። መጂድንም እጁን ስለመታጠቡ አመስግኚው፤ ስንት ጊዜ እንደታጠበ ለገበያተኛው ሁሉ እየተናገረ ነው፣ ቁጥሩም በየቀኑ ይጨምራል።

በምትመጪበት ጊዜ፣ ዘንድሮ ባይሆንም፣ አንድ ነገር አደራ። በሩን ስትከፍቺ ቡሬ ዝም ቢልሽ ረሳኝ ብለሽ እንዳታዝኚ። በቀኙ በኩል ዙሪና ጥሪው። እኔን ግን በፈለግሽው በኩል ጥሪኝ፤ በሁለቱም እሰማለሁ።

አባትሽ
ሸዋንግዛው